ጥያቄ፦ የእናቴ መርሳት «የአንጎል መቆጣት» ከሆነ አድቪል ልላክላት?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። «እናቴ 71 ዓመቷ ነው፤ ደሴ ነው የምትኖረው። እኔ ሜሪላንድ ነኝ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ወሬ ትደጋግማለች። ስልክ ላይ የነገረችኝን አስር ደቂቃ ሳይሞላ እንደ አዲስ ትነግረኛለች። ባለፈው ሳምንት ጀበናውን ከሰል ላይ ረስታው ተሰነጠቀ። ጎረቤቶች ዕድሜ ነው፣ ጃጅታ ነው ይላሉ። አንድ ሰውዬ ግን ቪዲዮ ላይ አልዛይመር ማለት የአንጎል መቆጣት ነው ሲል ሰማሁ። መቆጣት ከሆነ ማስታገሻ አለው አይደል? ትልቁን የአድቪል ብልቃጥ በሰው ልልክላት አስቤያለሁ። እርድስ ይረዳታል? የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፤ ስኳርም አለባት።»

እህቴ፣ በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርም፤ አንቺ እያልኩ ብጽፍልሽ ቅር አይበልሽ። ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ፦ አድቪሉን አትላኪ። ሻንጣ ውስጥ ገብቶም ከሆነ አውጪው።

አድቪል ማለት አይቡፕሮፌን ነው። እናትሽ የግፊት መድኃኒት እየወሰዱ ነው ብለሻል። አገር ቤት ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ኢናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም አምሎዲፒን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አብረው እየተወሰዱ አይቡፕሮፌን በየቀኑ ሲጨመርባቸው ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ሦስቱ በሦስት አቅጣጫ ሆነው ኩላሊቱን ደም ያሳጡታል። ስኳር ያለበት ሰው ኩላሊት ደግሞ ከመነሻውም የደከመ ሊሆን ይችላል። ግፊቱም ከፍ ይላል። ጨጓራም ሊደማ ይችላል፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ምንም ሳያም ሊደማ ይችላል። ጥቅም ቢኖረው ኖሮ ጉዳቱንና ጥቅሙን እንመዝን ነበር። ለመርሳት ጥቅም የለውም። ይህን የምልሽ በግምት አይደለም። ሰው ላይ ተሞክሮ ታይቷል።

ያም ሆኖ ቪዲዮ ላይ ያየሽው ሰውዬ ግማሹን ልክ ብሏል። እኔም እንጀራዬ እዚያው ግማሹ ላይ ነው። የአንጎል ዘበኛ ሴሎችን ነው የማጠናው። አካሚ አይደለሁም፣ ተመራማሪ ነኝ፤ ይህን ያዢልኝ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አማርኛችን ለዚህ ነገር ጥሩ ቃል አለው። ቁስሉ ተቆጣ እንላለን። የሕክምና መጻሕፍት ብግነት ይሉታል። እሾህ የወጋው ጣት ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይግላል፣ ይጠዘጥዛል። ሰውነት ወታደር ልኮ እየተዋጋ ነው ማለት ነው። ማጅራት ገትርም እንደዚያ ነው፤ ትኩሳቱና ራስ ምታቱ ቤተሰቡን በሙሉ ያስሮጣል። አልዛይመር ውስጥ ያለው መቆጣት ግን ሌላ ጠባይ አለው። አይግልም፣ አይጠዘጥዝም። አንጎል ራሱ ሕመም የሚሰማበት ነርቭ የለውም። ድምፁን አጥፍቶ ዓመታት ይሄዳል። «ማስታገሻ» የሚለው ቃል የሚያሳስትሽ እዚህ ላይ ነው። የሚታገስ ሕመም የለም።

የሚቆጣው ማን ነው? ማይክሮግሊያ የሚባሉ ሴሎች ናቸው። በ1919 ማድሪድ ውስጥ ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ የሚባል ስፔናዊ የአንጎል ቁራጭ ላይ የብር ጨው አፍስሶ ለይቷቸው ስም አወጣላቸው። ከአንጎል ሴሎች ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህሉ እነሱ ናቸው። አመጣጣቸው ራሱ ይገርማል። እንደ ሌሎቹ የደም ወታደሮች ከአጥንት መቅኔ አይደለም የሚመጡት። ጽንሱ ገና የሳምንታት ዕድሜ ሲኖረው ከአስኳል ከረጢት ተነስተው አንጎል ውስጥ ይሰፍራሉ። ከዚያ በኋላ እዚያው ይኖራሉ፣ እዚያው ይራባሉ።

ለረጅም ጊዜ «ተኝተው» ነው የሚኖሩት ይባል ነበር። በ2005 በሕይወት ያለች አይጥ አንጎል በልዩ ማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን አንድም የተኛ አልነበረም። ቀጫጭን ክንዶቻቸውን እየዘረጉ፣ እየሰበሰቡ፣ ጎረቤቱን ሁሉ እየነካኩ ይፈትሹ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ በዱላው አጥሩን ኳ ኳ እያደረገ እንደሚዞር የሰፈር ዘበኛ ማለት ነው።

ጤነኛ ማይክሮግሊያ ማይክሮስኮፕ ሥር ሲታይ ቅጠሉን ያራገፈ ግራር ይመስላል። ትንሽ ግንድ፣ ብዙ ቀጫጭን ቅርንጫፍ። አልዛይመር ያለበት ሰው አንጎል ላይ ግን ቅርንጫፎቹን ሰብስቦ፣ አጥሮና ወፍሮ ታገኚዋለሽ። አሚሎይድ በሚባለው የፕሮቲን ክምር ዙሪያ፣ ዝንብ ቁስል ላይ እንደሚሰፍር ሰፍረው ይታያሉ። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ይህን ሳይ የመጣልኝ ጥያቄ ቀላል ነበር። እነዚህ ሴሎች ቁስሉን እያጸዱት ነው ወይስ እያባባሱት? መልሱ ዛሬም «ሁለቱንም» ነው። የምርምሩ ጣጣ ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

አሁን ወደ አንቺ ሐሳብ ልምጣ። አንቺ ያሰብሽውን ሳይንስ ከ35 ዓመት በፊት አስቦታል።

ቫንኩቨር፣ ካናዳ ውስጥ ፓትሪክና ኤዲት ማክጊር የሚባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ነበሩ። ሰውየው የሚገርም ሰው ነው። በ1948ቱ የለንደን ኦሊምፒክ ለካናዳ ቅርጫት ኳስ ተጫውቷል፣ በኋላም የክፍለ ግዛቱ ሚኒስትር ሆኗል። እነሱ በ1980ዎቹ መጨረሻ በፓርኪንሰንና በአልዛይመር የሞቱ ሰዎች አንጎል ውስጥ የተቆጡ ማይክሮግሊያዎችን አሳዩ። ቀጥለውም አንድ ነገር አስተዋሉ። ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ያለባቸው ሰዎች መሃል አልዛይመር ከሚጠበቀው በታች ነበር። እነዚህ ሰዎች ደግሞ የመቆጣት መድኃኒት ዓመታት ሙሉ ነው የሚውጡት። ነጥቡ ገባሽ አይደል?

በ2001 ደግሞ ከሆላንዷ ሮተርዳም ትልቅ ዜና መጣ። ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 7,000 የሚጠጉ ሰዎች ለዓመታት ተከታትለዋቸው ነበር። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ መድኃኒቶችን ለ2 ዓመትና ከዚያ በላይ የወሰዱት ዘንድ አልዛይመር በ80 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሰማንያ በመቶ! ሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ልቡ ዘለለ።

ግን ማየት አንድ ነው፣ መሞከር ሌላ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2,500 በላይ ሰዎች ተመረጡ። ሁሉም ልክ እንደ እናትሽ 70 ያለፋቸው፣ ጤነኞች፣ ግን ቤተሰባቸው ውስጥ የመርሳት በሽታ የነበረባቸው። ገሚሱ ናፕሮክሰን፣ ገሚሱ ሴሌኮክሲብ (ሁለቱም የአይቡፕሮፌን ዘመዶች ናቸው)፣ ቀሪው መድኃኒት የሌለው የማስመሰያ ክኒን እንዲወስድ ተደረገ። ታኅሣሥ 2004 ላይ ክኒኑ እንዲቆም ተደረገ፤ ለልብ ያሰጋል የሚል ነገር ተነስቶ ነበር። ውጤቱ ሲታይ ክኒኖቹ ማንንም ከመርሳት አልጠበቁም። ከዚያ ቀደም ብሎ ሕመሙ በያዛቸው ሰዎች ላይም ተሞክሮ ነበር። በ2000 ፕሬድኒሶን፣ በ2003 ናፕሮክሰንና ሌላው ዘመዱ ሮፌኮክሲብ። ሕመሙን ያዘገየ አልተገኘም። ፕሬድኒሶን ማለት አገር ቤት የሚታዘዘው የፕሬድኒሶሎን ወንድም፣ ብርቱ የመቆጣት መድኃኒት ነው፤ እሱ ካልበገረው አድቪል ምን ያመጣል?

ታዲያ ሮተርዳም ላይ የታየው ምን ነበር? አንዱ ምክንያት እንዲህ ሊሆን ይችላል። መርሳት የጀመረው ሰው ክኒኑንም ይረሳል፣ ወገቤን አመመኝ ብሎ ፋርማሲ መሄዱንም ይተዋል። ስለዚህ «መድኃኒት የሚወስዱት አልታመሙም» የሚመስለው ነገር፣ አንዳንዴ «ያልታመሙት መድኃኒታቸውን ያስታውሳሉ» ማለት ነው። ሌላው፣ አይቡፕሮፌን የሚዘጋው አንድ በር ነው። ማይክሮግሊያዎቹ የሚቆጡባቸው ብዙ መንገዶች በዚያ በር አያልፉም።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ የከበደው ነው። በ2012 መጨረሻ አንዱ ከአይስላንድ ሌላው ከለንደን የተመሩ ሁለት ቡድኖች በአንድ ጊዜ አንድ ጂን ላይ ደረሱ። ጂኑ ትሬም 2 ይባላል። ማይክሮግሊያ ቆሻሻውን አይቶ እንዲነቃ የሚያደርግ፣ እንደ ደወል ያለ ነገር ነው። ደወሉ በውርስ የተበላሸባቸው ሰዎች በአልዛይመር የመያዝ ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ልብ በይ፦ ሕመሙን ያባሰው የዘበኛው ቁጣ ሳይሆን እንቅልፉ ነው። እሱን የበለጠ ማስተኛት ምን ሊያመጣ እንደሚችል አስቢው።

በሌላ በኩል ደግሞ ዘበኛው ጌታውን የሚነክስበት ጊዜ አለ። በ2016 ቦስተን ውስጥ የቤዝ ስቲቨንስ ቡድን በአይጦች ላይ አንድ ነገር አሳየ። የአሚሎይዱ ክምር ገና ሳይታይ፣ ማይክሮግሊያዎቹ ነርቭ ከነርቭ የሚነጋገርባቸውን ነጥቦች እየበሉ ነበር። እነዚህ ነጥቦች ሲናፕስ ይባላሉ፤ ትዝታ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ልጅ እያለን ትርፉን ሲናፕስ የሚያጸዱልን እነሱ ናቸው፣ ያኔ ጥሩ ሥራ ነው። በእርጅና ያው ሥራ ያለ ቦታው ይቀጥላል። በ2013 ደግሞ ያኔ ጀርመን፣ ቦን የነበረው ሚካኤል ሄኔካና ባልደረቦቹ በማይክሮግሊያ ውስጥ ያለ አንድ የቁጣ ማብሪያ ከአይጦች ላይ አነሱ። አይጦቹ የማስታወስ ችሎታቸው የተሻለ ሆነ።

እንግዲህ ያው ሴል በአንዱ ሰዓት ይጠርጋል፣ በሌላው ሰዓት ያጠፋል። ማብሪያ ማጥፊያ ያለው አምፖል አይደለም። ሰዓቱን ሳያውቁ የሚሰጡት መድኃኒት ይጥቀም ይጉዳ አይታወቅም። ከእኛ በላይ ይህን ያየ የለም። ትሬም 2ን የሚያነቃ መድኃኒት ተሠርቶ ሰው ላይ ተሞክሮ ነበር። እኔ ይሠራል ብዬ ከባልደረባዬ ጋር በማኪያቶ ተወራረድኩ። ኅዳር 2024 ላይ ውጤቱ መጣ፤ ሕመሙን አላዘገየም። ተበላሁ።

ለአንቺ ጥያቄ ባይሆንም አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ደስ አይለኝም። የአንጎል መቆጣትን በመድኃኒት መያዝ የተቻለበት በሽታ አለ፤ መልቲፕል ስክለሮሲስ ይባላል። እዚያ ግን የሚቆጡት በዋናነት ከደም የገቡ ወታደሮች ናቸው፤ መግቢያቸውን መዝጋት ይቻላል። አልዛይመር ላይ የተቆጣው የቤቱ ሰው ነው።

አዲሶቹን የአልዛይመር መድኃኒቶችም ሳትሰሚ አልቀረሽም። በ2023 አሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ አሚሎይዱን ይጠርጋል። የሚጠርገው ደግሞ፣ በከፊልም ቢሆን፣ እነዚሁን ማይክሮግሊያዎች ቀስቅሶ ነው። በ18 ወር ውስጥ ሕመሙ የሚብስበትን ፍጥነት በ27 በመቶ ቀንሷል። ቁጥሩ ትልቅ ይመስላል፤ በ18 ነጥብ መለኪያ ሲታይ ግን የ0.45 ነጥብ ልዩነት ነው። ሲጀመር በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጣል፣ አንጎል አብጦ ወይም ደምቶ እንደሆነ ለማየትም ተደጋጋሚ ኤምአርአይ ይጠይቃል። ለደሴ የሚሆን ነገር አይደለም። እዚህ አምጥቼ ላሳክማት ብትዪም ለጊዜው በዚህ ተስፋ ላይ ቤት አትሽጪ።

ለእናትሽ የሚጠቅመው የመቆጣት ወሬ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ከአንገት በታች።

ሰውነት ሲቆጣ አንጎል ይሰማል። ጉንፋን ሲይዝሽ ድብርት ድብርት የሚልሽ፣ ሰው የሚያስጠላሽ ለዚህ ነው። አሮጊት ሰው ላይ ይህ ይበረታል። የሽንት ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ መግል የቋጠረ ጥርስ ብቻውን ሰው ሊያስቃዥ፣ ቀንና ሌሊት ሊያደባልቅ ይችላል። በ2009 ከእንግሊዟ ሳውዝሃምፕተን የወጣ ጥናት አልዛይመር ያለባቸውን ሰዎች ለ6 ወር ተከታትሎ ነበር። በመሃል ኢንፌክሽን ወይም ሌላ ሰውነት የሚያስቆጣ ነገር ያጋጠማቸው ሰዎች ማስታወሳቸው የወረደው በእጥፍ ፍጥነት ነው።

በቅርቡ ካነበብኩት ሁሉ ያስገረመኝ ግን የዌልስ ነገር ነው። አልማዝ ባለጭራን ታውቂያለሽ አይደል? ያ ወገብ ላይ ተጠምጥሞ የሚያቃጥለው ሽፍታ። ልጅ እያለን ኩፍኝ መሰል ሽፍታ ያወጣብን ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ በእርጅና ሲነሳ ነው። ዌልስ ውስጥ በ2013 የአልማዝ ባለጭራ ክትባት ሲጀመር ሴፕቴምበር 2 ቀን 1933 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ ይከተባል፣ ከዚያ በፊት የተወለደ አይከተብም ተባለ። በአንድ ሳምንት ልዩነት የተወለዱ ሰዎች፣ አንዱ ክትባት የሚያገኝ ሌላው የማያገኝ ሆኑ። ከዚህ የተሻለ ሙከራ ተመራማሪ ቢፈልግም አያገኝም። በ7 ዓመት ውስጥ የተከተቡት ዘንድ የመርሳት በሽታ በአምስተኛ ያህል ቀነሰ፤ ሴቶች ላይ ደግሞ የበለጠ። ውጤቱ 2025 ላይ ነው የታተመው። እዚህ ላይ እኔ ተስፋ አለኝ። በዕድሜ ሙሉ የሚመላለስ ትንሽ ትንሽ ቁጣን መቀነስ፣ የነደደውን ከማጥፋት የሚሻል ይመስለኛል።

እርድን ጠይቀሽ ነበር። አልጫው ውስጥ ይግባ፤ ጉዳት የለውም። መድኃኒት ነው ብለሽ በክኒን መልክ አትላኪ እንጂ። ኩርኩሚን የሚባለው ንጥረ ነገሩ ሆድ ውስጥ ገብቶ ደም ውስጥ የሚደርሰው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አልዛይመር ያለባቸው ሰዎች ላይ ተሞክሮ ለውጥ ያላሳየበት ጥናትም አለ።

አሁን እጅሽ ላይ ያለውን ልንገርሽ። ነገ ስትደውዪ ሰፈር ያለ ልጅ የመድኃኒቶቹን ካርቶኖች አንድ በአንድ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክልሽ። ስሞቹን ተመልከቺ።

ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር መድኃኒት ካለ፣ ዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ይቀንሳል። የቢ12 እጥረት ደግሞ ያስረሳል። በደም ምርመራ ይታወቃል፣ በመርፌ ወይም በክኒን ይስተካከላል። ግሊቤንክላሚድ የሚባለው ሌላው የስኳር ክኒን ካለ የበለጠ ጠንቀቅ በይ። በዚህ ዕድሜ ስኳርን ከመጠን በታች ያወርዳል፤ ስኳሩ የወረደ ሰው ደግሞ ግራ ይጋባል፣ ያወራውን ይረሳል። እናትሽ የሚጾሙ ከሆነ፣ የትኛውም ጾም ይሁን፣ ክኒኑን ውጠው ምግብ ሳይቀምሱ የሚቆዩበትን ሰዓት ጠይቂያቸው። ጀበናው የተሰነጠቀው ስንት ሰዓት ላይ ነበር? በጾም ሰዓት? ይህን ለሐኪማቸው ንገሪ። መድኃኒቱን በራስሽ እንዳታስቆሚ ብቻ።

አሚትሪፕቲሊን ካለ ደግሞ «እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ የተሰጠኝ ነው» ይሉሻል። ለነርቭ ሕመምም ይታዘዛል። ርካሽ ነው፣ ይሠራልም። ግን አንጎል ለማስታወስ የሚጠቀምበትን አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል ያፍናል፤ ለአዛውንት አይመከርም። እኔ ራሴ ዘመዴ ዘንድ አይቼዋለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጃጀች ስንላት የነበረች አክስቴ፣ ሐኪሟ ይህን ክኒን ቀስ በቀስ ሲያስቆማት የልጅ ልጆቿን ስም በየተራ ጠራችልን። ሁሉም እንደዚህ ይሆናል እያልኩሽ አይደለም። ካርቶኑ ግን ሳይታይ አይታለፍ።

እግረ መንገድሽን የታይሮይድ ምርመራ አስደርጊላቸው። ባለፉት ወራት ወድቀው እንደነበር ጠይቂ፤ ራስ ቅል ሥር ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ደም መርሳት ይመስላል። ጆሯቸውስ? ስልክ ላይ የሚደጋግሙት የአንቺን መልስ ስላልሰሙ ሊሆን ይችላል። ግፊት፣ ስኳር፣ የጆሮ መድከም፣ ብቸኝነት፤ በ2024 ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የባለሙያዎች ሪፖርት ከቆጠራቸው 14 ነገሮች መሃል ናቸው። እነዚህ ሁሉ ቢስተካከሉ ከመርሳት በሽታ 45 በመቶ ገደማው ሊዘገይ ወይም ሊቀር ይችላል ብሎ ገምቷል። ይህ ሁሉ ታይቶ ምንም ካልተገኘና መርሳቱ ቀስ እያለ ከቀጠለ ያኔ የነርቭ ሐኪም ዘንድ፣ ደሴ ካልተገኘ አዲስ አበባ፣ ወስደሽ አሳዪያቸው። ግራ መጋባቱ በአንድ ሁለት ቀን ድንገት ከባሰ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። ያን ቀን ሽንታቸውና ደማቸው ይታይ።

ጀበናውን በተመለከተ ሌላ ግዢላቸው። አንዳንድ ልጆች እንዲህ ሲሆን ደንግጠው ከሰሉንም ጀበናውንም ይሰበስባሉ። አንቺ እንዳታደርጊው። እናትሽ ቡና አፍልተው ጎረቤት የሚጠሩ ሴት ከሆኑ በቀን አንዴ ሰው የሚያዩበት ሰዓት እሱ ነው። ሦስተኛው እስኪወርድ ከእሳቱ አጠገብ የሚቀመጥ አንድ ሰው ፈልጊላቸው።